በካርታ ውድድር ላይ የማጭበርበር ክስ ሲነሣ ዳኛው ምን ማድረግ ይገባዋል?

በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ «ካርታ» የሚለው ቃል ሲታይ አንዳንድ ወላጆች ቅር ሊላቸው እንደሚችል አውቃለሁ። በብዙ ቤት ካርታ ማለት ቁማር፥ ቁማርም ማለት የቤት መፍረስ ነውና። ነገር ግን የምጽፈው ገንዘብ ስለሚያዝበት ጨዋታ አይደለም፤ ስለ ዳኝነት ነው። ካርታን ለምሳሌ የመረጥሁበትም ምክንያት አለኝ። በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ኳስን በእጁ ቢነካ ሺህ ሰው ያየዋል። በካርታ ጨዋታ ግን ዋናው ሀብት የተሰወረ ዕውቀት ነው፤ አጭበርባሪውም የሚሰርቀው ይህንኑ በዓይን የማይታየውን ነገር ነው። ስለዚህ የዳኛው ችግር ከሌላው ጨዋታ ይልቅ በዚህ ጎልቶ ይታያል።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ልጆች መካከል የካርታ ውድድር ተደርጎ ነበር። ሽልማቱ አንድ የእግር ኳስ ነበር። ከተጫዋቾቹ በዕድሜ ከፍ እል ስለ ነበር «ዳኛ ሁን» ተባልሁና ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ተጫዋች ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ካርታ ደብቋል!» ሲል ጮኸ። ሁላችንም ዘወር ስንል ከፊቱ በተቀመጠው ልጅ ጭን ላይ አንድ ካርታ አየን። የተሰበሰበው ልጅ ሁሉ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ተንጫጫ። እኔም ነገሩ በዓይን የታየ መሰለኝና ልጁን ወዲያው ከውድድሩ አስወጣሁት። ልጁ «ከእጄ ወድቆ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ሦስተኛ አልደገመውም፤ ተነሥቶ ሄደ።

ማታ ተኝቼ ሳስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእጁ የቀሩትን ካርታዎች አልቆጠርኋቸውም። ሊኖረው ከሚገባው ቁጥር አንድ ጎድሎ ከሆነ፥ ጭኑ ላይ የተገኘው ካርታ እንዳለው ከእጁ የወደቀ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ግን በጭኑ ላይ ያለው ትርፍ ነውና የተደበቀ ነው። ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ በበቃ ነበር። እኔ ግን ፍርዱን ስሰጥ ካርታዎቹ ተሰብስበው ለሚቀጥለው ጨዋታ እየተበወዙ ነበር። እንግዲህ ያ ልጅ አጭበርብሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእርሱም በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ባገኘሁት ቦታ ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ከሁሉ አብልጦ የተጻፈውም ብሪጅ ስለሚባለው ጨዋታ ሆኖ አገኘሁት።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አጋሮቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ 52ቱ ካርታዎች ተበውዘው ለእያንዳንዱ 13 ይታደላሉ። አንዱ የሌላውን ካርታ አያይም። አጋሮቹ ስለያዙት ካርታ አንዳች ነገር ሊገላለጹ የሚችሉት በሕጉ በተፈቀዱት ጥቂት ጥሪዎችና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። በታላላቅ ውድድሮች ያው የታደለው ካርታ በሌላ ጠረጴዛ ለሌሎች ተጫዋቾች ስለሚሰጥ፥ ዕድል ከሞላ ጐደል ይወገድና አሸናፊው በአሳብ ብልጫ ይታወቃል። አንደኛው አጋር በሳል ወይም በጣት ምልክት «ይህን ያህል ካርታ አለኝ» ብሎ ለሌላው ቢያስታውቅ፥ ከተጋጣሚዎቹ ኪስ ሳንቲም አልወሰደም፤ ጨዋታውን ግን በሙሉ ሰርቆአል።

በ1965 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤርሙዳ ቦውል የተባለው የብሪጅ የዓለም ሻምፒዮና በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ተደርጎ ነበር። ከእንግሊዝ ቡድን ተጫዋቾች ሁለቱ ሚስተር ቴረንስ ሪስና ሚስተር ቦሪስ ሻፒሮ ነበሩ። በተለይ ሚስተር ሪስ በተጫዋችነታቸውም በደራሲነታቸውም በዓለም የታወቁ ሰው ነበሩ። በውድድሩ መካከል አሜሪካዊው ተጫዋች ሚስተር ቤከር አንድ ነገር አዩ፤ ይኸውም ሁለቱ እንግሊዞች ካርታቸውን ሲይዙ ከካርታው ጀርባ የሚታየው የጣታቸው ቁጥር በየጊዜው ይለዋወጣል። አንዳንድ ጊዜ አንድ ጣት፥ አንዳንድ ጊዜ ሁለት፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ይታያል። ሚስተር ቤከር ያዩትን ለአጋራቸው ለሚስስ ዶሮቲ ሄይደንና ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የብሪጅ ጸሐፊ ለሚስተር አለን ትረስኮት ነገሩአቸው። እነርሱም በምስጢር እየተመለከቱ የጣቶቹን ቁጥር ጻፉ። በኋላም የጻፉትን ከታደሉት ካርታዎች ጋር ሲያስተያዩት፥ የጣቶቹ ቁጥር ተጫዋቹ ከያዘው የልብ ምልክት ካለባቸው ቀይ ካርታዎች ቁጥር ጋር የሚስማማ ሆኖ ታያቸው።

ነገሩ ለእንግሊዝ ቡድን መሪ ለሚስተር ራልፍ ስዋይመርና ለእንግሊዝ ብሪጅ ማኅበር ሊቀ መንበር ለሚስተር ጄፍሪ በትለር ተነገረ። እነርሱም ተመለከቱ፤ ክሱም እውነት መሰላቸው። ተከሳሾቹ ፈጽመው ካዱ። ሆኖም የዓለም ብሪጅ ማኅበር ባለሥልጣኖች በዚያው በውድድሩ ቦታ ተሰብስበው ጥፋተኞች ናቸው አሉ። ሚስተር ስዋይመርም ቡድናቸው ከአሜሪካና ከአርጀንቲና ጋር ያደረጋቸውን ግጥሚያዎች እንደ ተሸነፈ አድርገው ለቀቁ። አንድ የቡድን መሪ የገዛ አገሩን ውጤት በገዛ እጁ ሲጥል ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢ ያስበው።

ጉዳዩ በዚህ አላለቀም። በለንደን የእንግሊዝ ብሪጅ ማኅበር ሁለት መርማሪዎች ሾመ፤ አንዱ ታዋቂ የሕግ ሰውና የፓርላማ አባል ሰር ጆን ፎስተር፥ ሁለተኛው ጄኔራል ሎርድ ቦርን ነበሩ። ምስክሮች ተጠየቁ፤ ጠበቆች ተከራከሩ፤ ታላላቅ ተጫዋቾችም የታደሉትን ካርታዎች አንድ በአንድ እየመረመሩ አስተያየታቸውን ሰጡ። ሚስተር ስዋይመር «ሻፒሮ በቦነስ አይረስ ጥፋቱን አምኖልኛል» ብለው መሰከሩ፤ ሚስተር ሻፒሮ ግን አላመንሁም አሉ። ብዙ ወራት ከፈጀ ምርመራ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የመርማሪዎቹ ውሳኔ ወጣ። የጣቶቹ ምስክርነት ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ተከሳሾቹ በጨዋታቸው ከዚህ ዕውቀት የተጠቀሙ መሆናቸው ስለማይታይ ጥርጣሬ አለን፤ ስለዚህ ጥፋተኞች ናቸው ብለን ልንፈርድ አንችልም የሚል ነበር። የዓለም ማኅበሩ ግን ከቀድሞ ፍርዱ አልተነቃነቀም። ሚስተር ሪስ ስለ ክሱ አንድ መጽሐፍ ጻፉ፤ ሚስተር ትረስኮትም በ1969 ዓ.ም. ሌላ መጽሐፍ ጻፉ። ሁለቱም ሞተዋል፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ከሁለቱ ፍርዶች አንዱ ስሕተት መሆን አለበት ብዬ ነበር። ደጋግሜ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሁለቱ ዳኞች የመለሱት አንድ ጥያቄ አይደለም። በቦነስ አይረስ የተሰበሰቡት ሰዎች በፊታቸው የነበረው ጥያቄ «ይህ ውድድር በዚህ ውጤት ሊቀጥል ይችላልን?» የሚል ነው። ውድድሩ ነገም አለ፤ ተጋጣሚዎቹ ይጠብቃሉ፤ ነገሩ ሊያድር አይችልም። በለንደን የተቀመጡት ደግሞ የተጠየቁት «እነዚህን ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን አጭበርባሪ ብለን ልንጠራቸው ይገባልን?» ተብለው ነው። ይህኛው ጥያቄ ለነገ የሚቸኩል ጉዳይ የለውም፤ የሰው ስም ነውና እንደ ወንጀል ክስ በጥብቅ ማስረጃ መመዘን አለበት።

በበኩሌ የካርታ ዳኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ልዩነት ነው እላለሁ። የጨዋታው ጉዳይ አንድ ነው፤ የሰውየው ጉዳይ ሌላ ነው። ጨዋታውን ፈጥኖ ማቃናት ይገባል፤ በሰውየው ላይ ግን ቀስ ብሎ መፍረድ። እኔ በሰፈራችን ያደረግሁት ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መፍረድ ነበር።

ይህ ልዩነት የእኔ ፈጠራ አይደለም። የዛሬው የብሪጅ ሕግ በግልጽ ይዞታል። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ረጅም ጊዜ አስቦ «አልፌአለሁ» ቢል፥ አጋሩ ከዚያ ማሰብ ብቻ «ጥሩ ካርታ ይዟል» ብሎ ሊረዳ ይችላል። አጋሩ ቀጥሎ ደፋር ጥሪ ቢጠራ ተጋጣሚዎቹ ዳኛውን ይጠራሉ። ዳኛው «አጭበርብረሃልን?» ብሎ አይጠይቅም። ማሰቡ እውነት ነበርን? ያን ጥሪ የጠቆመው ማሰቡ ነውን? በሕሊና የሚመረጥ ሌላ ጥሪስ ነበርን? ብሎ ይመረምርና አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ውጤቱን ያስተካክላል። ማንም ሌባ ሳይባል ጉዳቱ ተጠገነ። የሕጉም መግቢያ ሕጎቹ በዋናው የተሠሩት ለመቅጣት ሳይሆን ጉዳትን ለመጠገን እንደ ሆነ ያስረዳል።

በ1993 ዓ.ም. በወጣውና ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በሚባለው የካርታ ጨዋታም የዳኞቹ መመሪያ ተመሳሳይ ነው። ተጫዋች አንድ ካርታ አብልጦ ቢያነሣ ስሕተት ነውና በቀላሉ ይታረማል። አጭበረበረ የሚባለው ግን የሚያደርገው ነገር ክልክል መሆኑን እያወቀና ጥቅም ለማግኘት አስቦ ያደረገው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከውድድር የማስወጣት ሥልጣንም የማንኛውም ዳኛ ሳይሆን የዋናው ዳኛ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ትንሽ ቢመስልም ጥበብ አለበት። ክሱን መጀመሪያ የሰማው ዳኛ ብዙ ጊዜ ይናደዳልና፥ ፍርዱ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቢያንስ አንድ ሰው ትኵሱን ጩኸት ያልሰማ ይሆናል።

አሁን ወደ ማስረጃው ልለፍ። እዚህ ላይ በሒሳብ ክፍል የተማርነው ስለሚረዳን ጥቂት ብንቆይ መልካም ነው።

አንድ ሰው «እገሌ ጆሮውን ሲነካ ጥሩ ካርታ አለው ማለት ነው» ብሎ ቢከስ፥ በዐሥር ጨዋታ ተመልክተን ዐሥሩንም ጊዜ ምልክቱ ከካርታው ጋር ቢስማማስ? ምልክቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመስማማቱ ዕድል በእያንዳንዱ ጨዋታ ግማሽ ነው ብንል፥ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ በአጋጣሚ ለመስማማት ያለው ዕድል ከ1024 አንድ ብቻ ነው። ይህ ብርቱ ማስረጃ ይመስላል። ነገር ግን ከሳሹ ወደ ጆሮው ከመድረሱ በፊት ስንት ነገር እንደ ሞከረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጆሮ፥ አፍንጫ፥ ቀኝ እጅ፥ ግራ እጅ፥ የካርታው አያያዝ፥ ሳል፥ አቀማመጥ፥ እያንዳንዱም «ቀይ አለኝ»፥ «ጥቁር አለኝ»፥ «ብዙ አለኝ»፥ «ምንም የለኝም» ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ አኳኋን መቶ ዓይነት ትርጉም በየተራ በዚያው በዐሥሩ ጨዋታ ላይ ቢሞከር፥ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የመግጠም ዕድሉ ከዐሥር አንድ ገደማ ይደርሳል። ከዐሥር ንጹሓን አንዱን አጭበርባሪ የሚያደርግ ሚዛን ደግሞ ሚዛን አይባልም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምልክቱ የተገኘበት ጨዋታ ምልክቱን ለማረጋገጥ መዋል የለበትም። ከሳሹ መጀመሪያ «ምልክቱ ይህ ነው፥ ትርጉሙም ይህ ነው» ብሎ በጽሑፍ ያስረክብ፤ ከዚያ በኋላ በሚደረጉት አዲስ ጨዋታዎች ይፈተን። የሚመለከተውም ሰው የክሱን ትርጉም የማያውቅና ካርታውን የማያይ ቢሆን ይመረጣል። «ሁለት ጣት» የሚለውን ከጻፈ በኋላ ነው የታደለው ካርታ የሚገለጠው። ተመልካቾቹም ሁለት ይሁኑ፤ አይነጋገሩ፤ ከተከሰሱት ሌላ የማይጠረጠሩ ሁለት ተጫዋቾችንም እንዲሁ ይመልከቱ። በማይጠረጠሩትም ላይ ያው ምልክት ከተገኘ ነገሩ የካርታ አያያዝ ልማድ እንጂ ምስጢር አይደለም።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል የሌባ ፍለጋ እንደ ነበር ከታሪክ አስተማሪዎቻችን ሰምተናል። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሲጮህ ዳኛው ጩኸቱ ወደ መራው ሰው ሄዶ ቢቆም፥ ከሰከረው ልጅ በምን ይሻላል?

ማስረጃ ሳይሟላ ሲቀር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱም የግማሽ ፍርድ ፈተና ነው። በ1975 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮናው በቤርሙዳ ደሴት ሲደረግ አጋሮቹ እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ተደርጎ ነበር። መጋረጃው ግን ከጠረጴዛው በታች አልወረደም። ጨዋታውን እንዲከታተል የተመደበ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሚስተር ብሩስ ኪዳን፥ ጣሊያናዊው ፋኪኒ በእግሩ የአጋሩን የዙኬሊን እግር ሲነካ አየሁ ብሎ አስታወቀ። ሌሎችም ተመልክተው አዩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለቱን ስለ እግራቸው እንቅስቃሴ አግባብ ያልሆነ ጠባይ አሳይተዋል ሲል በብርቱ ገሠጻቸው፤ ከውድድሩ ግን አላስወጣቸውም። የአሜሪካው ቡድን መሪ ከእነርሱ ጋር አንጫወትም ብለው ነበር፤ የአገራቸው ማኅበር ግን ተጫወቱ አላቸው። ጣሊያንም አሜሪካን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

ይህ ፍርድ ለእኔ ከሁሉ የከፋ ነው። የእግሩ መንካት ምልክት ከነበረ ተግሣጽ እጅግ ያንሳል፤ ምልክት ካልነበረ ደግሞ የሚገሠጽበት ነገር የለም። ፍርዱ ከሳሹንም ተከሳሹንም አላረካም፤ ሁለቱም ቂም ይዘው ሄዱ። ስለዚያ ውድድር አንድ የምወደው ነገር ግን አለ። ኮሚቴው በጨዋታው ጠረጴዛ ሥር እግርና እግር እንዳይገናኝ አነስተኛ የቡና ጠረጴዛ አስቀመጠበት። ብዙ ከተነጋገሩበት ስብሰባ ይልቅ ያች የቡና ጠረጴዛ በለጠች። በኋላም መጋረጃው እስከ ወለል ድረስ እንዲወርድ ተደረገ፤ በድምፅ መጥራትም ቀርቶ ጥሪው በተጻፈ ካርድ እንዲሆን ተደረገ፤ የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ምልክት መሆኑ ቀረ። ዳኛ ሌባውን ከመያዙ በፊት በሩን መዝጋት ቢችል ምንኛ ጥሩ ነው! የእኛም ውድድር እጅ ሁሉ ከጠረጴዛ በላይ ይሁን የሚል አንድ ደንብ ቢኖረው ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ኖርዌያዊው ተጫዋች ሚስተር ቦዬ ብሮጌላንድ ሎታን ፊሸርና ሮን ሽዋርትዝ የተባሉትን ሁለት የእስራኤል ወጣቶች አጭበርባሪዎች ናቸው ሲሉ በአደባባይ ከሰሱ። ሚስተር ብሮጌላንድ ከዚያ በፊት ከእነዚሁ ወጣቶች ጋር በአንድ ቡድን ተጫውተው ያሸነፉበት ጊዜ ነበር፤ ያን ከእነርሱ ጋር ያገኙትን ማዕረግ እመልሳለሁ አሉ። በዚህ ጊዜ ውድድሮች በፊልም ይቀረጹ ስለ ነበር ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሊመረምር ቻለ። ሚስተር ፔር ኦላ ኩሊን የተባሉ ስዊድናዊ ተጫዋች ፊልሙን ሲያዩ፥ ካርታዎቹ የሚያዙበት ጠፍጣፋ መያዣ በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ በየጊዜው እንደሚለያይ፥ ቦታውም አጋሩ በየትኛው ዓይነት ካርታ ጨዋታውን እንዲጀምር የሚነግር መሆኑን አገኙ። ወጣቶቹ ታገዱ።

ወዲያውም ሌላ ክስ መጣ። ለሞናኮ ይጫወቱ በነበሩት በታወቁት ጣሊያኖች በፋንቶኒና በኑኔስ ላይ፥ ካርታ ሲጥሉ አቁመው ወይም አጋድመው በማስቀመጥ ከፍተኛ ካርታ መኖር አለመኖሩን ይነጋገራሉ የሚል ነበር። ይህን ያገኙት ማይከ ሜቪየስ የተባሉ ሆላንዳዊት ሳይንቲስት ናቸው፤ እርሳቸውም የብሪጅ ባለሙያ ሳይሆኑ ለመዝናናት የሚጫወቱ ነበሩ። የአውሮፓ ብሪጅ ማኅበር ሁለቱን ጣሊያኖች አገደ። እነርሱ ግን በስዊዘርላንድ በሎዛን ወዳለው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በ2018 ዓ.ም. እገዳውን ሻረው። ፍርድ ቤቱ ንጹሓን ናቸው አላለም፤ ክሱ በሚያጠግብ ማስረጃ አልተረጋገጠም አለ እንጂ። ብዙ ተጫዋቾች በዚህ ተናደዱ። እኔ ግን ቦነስ አይረስ ከኀምሳ ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። ፊልም መኖሩ እንኳ የማስረጃ ጥያቄን አላጠፋም፤ ዓይንን ይተካል እንጂ ሚዛንን አይተካም።

ስለ ከሳሹም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በሀገራችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ተጫዋች ቢጠረጥር አይነቀፍም። በሐሰት የከሰሰ ሁሉ ይቀጣ ቢባል ማንም ደፍሮ አይናገርም፤ ከሳሽ ምንም አይጠየቅም ቢባል ደግሞ የተሸነፈ ሁሉ ይከሳል። እኔ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ወደ ዳኛው ቀርቦ በጆሮው «ይህን አይቻለሁ» ያለ ሰው ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ አይነካ። በጠረጴዛው ላይ «ሌባ!» ብሎ የጮኸ ግን ክሱ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስለ ጩኸቱ ይቀጣ። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እውነት የተናገረ ሰው እንዴት ይቀጣል?» ብለው ተከራከሩኝ። የሚቀጣው ስለ እውነቱ አይደለም። ከጮኸ በኋላ ተመልካች ሁሉ ዳኛ ይሆናል፤ ተጠርጣሪውም ምልክቱን ይተዋል፤ ማስረጃውም እንደ እኔ ካርታዎች ተሰብስቦ ይበወዛል።

ዳኛውም ከሳሹን ለብቻው ወስዶ የገመተውን ሳይሆን ያየውን ብቻ ይጠይቀው። «አጭበረበረ» የሚለው ግምት ነው፤ «ካርታውን ካነሣ በኋላ ግራ እጁን ወደ ጭኑ አወረደ» የሚለው ማየት ነው። ሰዓቱና ቦታው ይጻፍ። ካርታ፥ ወረቀትና መቀመጫ ባሉበት እንዲቆዩ ያድርግ፤ የሚቆጠር ነገር ካለ ይቁጠር። ተከሳሹንም «ለምን ደበቅህ?» ብሎ ሳይሆን «ምን እንደ ሆነ ንገረኝ» ብሎ ይጠይቀው፤ ክሱ ምን እንደ ሆነም በሙሉ ይንገረው። አይቶ ምስክር የሆነ ሰውም በዚያው ጉዳይ ፈራጅ አይሁን፤ አንድ ሰው የገዛ ዓይኑን ምስክርነት በገዛ ሚዛኑ ሊመዝን አይችልምና። አንድ ከባድ ነገር ግን ይቀራል። ዳኛው በምስጢር ሲመለከት ሳለ አጭበርባሪው ሌሎችን ማሸነፉን ይቀጥላል። ይህን መልስ አገኘሁለት ብዬ አልኮራም። ምልከታው ከአንድ ቀን ባይበልጥ፥ የተበደሉትም ተጋጣሚዎች ውጤታቸው በኋላ ቢታረምላቸው ጉዳቱ ያንሳል ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም።

ከገና በፊት ያንን ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁትና ካርታዎቹን ሳልቆጥር እንደ ፈረድሁበት ነገርሁት። «አጭበርብረህ ነበርን?» ብዬ አልጠየቅሁትም፤ የመጠየቅ መብት የነበረኝ በዚያን ቀን ነበርና። በሚመጣው ክረምት ውድድሩ እንደ ገና እንደሚደረግ፥ እጅ ከጠረጴዛ በላይ የሚለው ደንብም እንደ ገባበት ነግሬው እንዲመጣ ለመንሁት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፥

«እመጣለሁ፤ ግን ዳኛው አንተ ካልሆንህ ነው» አለኝ።

እኔም እሺ አልሁት።